ከቁሌት እስከ ጎረቤት ደጃፍ፦ የገና ዶሮ ወጥን በሰፈር እያስተማሩ ማዕድ ለማጋራት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በዓል ሲቃረብ በየሰፈሩ ማዕድ ማጋራት የተለመደ ሆኗል። ብዙውን ጊዜ ዘይት፣ ዱቄትና ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ነፍስ ያለው ዶሮ ለአቅመ ደካሞች ይታደላል፤ ተቀባዮቹ ይሰለፋሉ፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሆኖም ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ዶሮውን ተቀብለው ቤታቸው ሲገቡ የሚያርድላቸው፣ ሽንኩርቱን የሚከትፍላቸው፣ ከሁሉም በላይ አብሯቸው ገበታ የሚቀርብ ሰው ላይኖር ይችላል። በዚያው ሕንፃ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ደግሞ ዶሮ ወጥ ሠርታ የማታውቅ፣ የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር የተዘጋጀ ቁሌት የምትገዛ ወይም ምጣኔውን በስልክ የምትጠይቅ ወጣት አለች። አንደኛዋ ሙያው አላት፣ ጉልበቱ ግን የላትም፤ ሌላዋ ጉልበቱ አላት፣ ሙያው ግን የላትም።

ይህ መመሪያ ሁለቱን በአንድ ድስት ዙሪያ ስለማገናኘት ነው። የተዘጋጀው በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወይም በአንድ እድር ዙሪያ የሚኖሩ ጎረቤቶችን ታሳቢ አድርጎ ሲሆን፣ መጠኑ ለ20 ተማሪዎች፣ ለአምስት ድስትና ለ30 ተመጋቢዎች ተሰልቷል። ከዝርዝሩ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም፦ አስተማሪዋ ከተቀባዮቹ መካከል ትመረጥ። በእርዳታ መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ እናት በዚያ ቀን ወንበር ስበው የሚቀመጡት ለመቀበል ሳይሆን ለማዘዝ መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ እንደየሰፈሩ ሁኔታ ሊሻሻል ይችላል፤ ይህ ከተለወጠ ግን ዝግጅቱ ተራ የምግብ እደላ ይሆናል።

አስተማሪዋን ማግኘት

በሰፈሩ ማን በእጁ ሙያ እንደሚታወቅ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በየለቅሶ ቤቱና በየሰርጉ ወጥ ቤት ሲመሩ የኖሩት እነማን እንደሆኑ ከእነርሱ መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄው ሲቀርብ ከአነጋገሩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ልንረዳዎት መጥተን ነው» ማለት ነገሩን ከመጀመሪያው ያበላሸዋል። «እማማ፣ ልጆቻችን ወግ ያለው ዶሮ ወጥ መሥራት አልቻሉም፤ ጉልበቱን እኛ እናመጣለን፣ እርስዎ ተቀምጠው ያዙን» ማለት ግን እውነቱም ይኸው ነው። የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እኔ ምን አውቄ፣ የድሮ ሰው ነኝ» የሚል ነው፤ ይህ ይሉኝታ እንጂ እምቢታ ስላልሆነ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቢቻል ሁለት እናቶች ይጋበዙ። አንዳቸው ድንገት ቢታመሙ ትምህርቱ አይቋረጥም፤ ከዚህም በላይ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ድስት ላይ መስማማት አለመቻላቸው ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። አንዷ መከለሻው ወጡ ሊወርድ ሲል ይግባ ስትል ሌላዋ ከወረደ በኋላ ትላለች፣ አንዷ ዝንጅብል ሲበዛ ትቆጣለች፤ ተማሪዎቹም ዶሮ ወጥ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን የሚረዱት ያኔ ነው። የድካማቸው ዋጋ አስቀድሞ ተወስኖ በፖስታ ታሽጎ፣ በሰው ፊት ሳይሆን በእድሩ ሰው በኩል ቤታቸው ድረስ ይሰጥ። ይህ የሙያ ክፍያ እንጂ የበዓል ስጦታ አይደለም፤ ከሚደርሳቸው ማዕድም አይቀነስም።

ለእያንዳንዷ አስተማሪ ደግሞ ሚዛንና ደብተር የያዘ አንድ ረዳት ይመደብ። እናቶቻችን የሚያውቁት በእጃቸው ነው፤ «ስንት ግራም ነው?» ብሎ በየመሐሉ ማቋረጥ እጃቸውን ያሳስታል። ቀላሉ ዘዴ የበርበሬውን፣ የቅቤውንና የጨውን ዕቃ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መመዘን፣ እማማ የፈለጉትን ያህል በእጃቸው ከዘገኑ በኋላ ዕቃውን መልሶ መመዘን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያለ ምንም ጥያቄ በደብተሩ ላይ ይሰፍራል።

ቀኑን መምረጥ፣ ጾሙንም ማሰብ

እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች ይሳሳታሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ በሆነ ጊዜ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ቀን ከነበራት ዓመት በኋላ፣ በ28 ይከበራል። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ድረስ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ዶሮ ወጥ እናስተምር ሲባል አስተማሪዋም ሆነች አብዛኞቹ ተማሪዎች ወጡን መቅመስ አይችሉም። እናቶች የዋዜማውን ወጥ በሽታው ብቻ እየለዩ ጨዋታ እያወሩ ያደርሱታል፤ ጀማሪ ግን ሳይቀምስ ጨው መለካት አይችልም። በተጨማሪም በጋድ ዕለት፣ ማለትም በገና ዋዜማ፣ ሁሉም የራሱ ቤት ሥራ ስላለበት ቀኑን ሙሉ ተማሪ ይዞ መቆየት አይሞከርም።

መፍትሔው ትምህርቱን ለሁለት መክፈል ነው። የዶሮ ወጥ ትልቁ ሙያ ቁሌቱ ነው፤ ቁሌት ደግሞ በዘይት ከተሠራ የጾም ነው፣ ይቀመሳል፣ በማቀዝቀዣም ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ከበዓሉ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ በሚውለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይካሄድ፤ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ጨው በዚያ ቀን ይጠናቀቁ። ሁለተኛው ክፍል በጋድ ዕለት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ይሁን፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ እንቁላሉና መከለሻው ያኔ ይገባሉ። የመጀመሪያውን ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት መጀመር ጥሩ ነው፤ ከቅዳሴ የሚመለሱትም ይደርሳሉ፣ ቁሌቱ ለቅምሻ ሲበቃም 10 ሰዓት ያልፋል።

ቦታ፣ ዕቃና እሳት

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው የጋራ ሕንፃ አለ። በአንዳንድ ግቢዎች መጋዘን ወይም ሱቅ ሆኗል፤ ለሥራው የሚሆን ከተገኘ ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የነዋሪዎች ማኅበሩን ፈቃድ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይጠይቁ። ኮሚናሉ የማይሆን ከሆነ የእድሩ አዳራሽ ይጠየቅ።

ድስት፣ ሳፋ፣ አግዳሚ ወንበርና ሳህን ከእድር መዋስ ይቻላል። ለቁሌት ወፍራም መቀመጫ ያለው ብረት ድስት ያስፈልጋል፤ ስስ ድስት ሽንኩርቱን ያሳርረዋል። የእድር ዕቃ ለለቅሶ ቅድሚያ ስለሚሰጥ በዚያ ሰሞን ሰው ቢሞት ዕቃው እንደሚነሣ ታውቆ ሌላ አማራጭ መያዝ አለበት። ቢላዋና መክተፊያ ተማሪዎች ከየቤታቸው ያምጡ።

ስለ እሳቱ አጥብቄ ላሳስብ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ 2,000 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባል፤ አምስቱን በአንድ መስመር መሰካት 45 አምፒር ይሆናል፣ ይህንንም የተለመደ የግድግዳ ሶኬት አይችለውም። ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ በተለያየ መስመር፣ የቀረውን ደግሞ በጋዝ ሲሊንደር ማድረግ የተሻለ ነው። ከሰል የግድ ከሆነ ውጭ፣ በበረንዳ ወይም በግቢ ብቻ ይያያዝ። የተያያዘ ከሰል ጭሱ ስላለቀ ብቻ ወደ ቤት የሚያስገቡት አሉ፤ ሰውን የሚገድለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም ስለሌለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው ሰብስቦ ከሰል ማያያዝ በፍጹም አይገባም።

ግዢና ሒሳብ

ለአንድ ድስት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

አንድ ዶሮ፣ በ12 ብልት የተለየ
2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት
150 ግራም ገደማ በርበሬ
100 ሚሊ ሊትር ዘይት ለቁሌቱ
250 ግራም በቅመም የተነጠረ ቅቤ
100 ግራም ነጭ ሽንኩርትና 40 ግራም ዝንጅብል
12 እንቁላል
አንድ የሾርባ ማንኪያ መከለሻ
አራት ሎሚና 20 ግራም ገደማ ጨው

ይህ በአምስት ሲባዛ 10 ኪሎ ሽንኩርት፣ 750 ግራም በርበሬ፣ 1 ኪሎ ከሩብ ቅቤ፣ 60 ብልትና 60 እንቁላል ይሆናል፤ እንቁላሉ ባለ 30ው ትሪ ሁለት ሙሉ ማለት ነው። ለአንድ ተመጋቢ ሁለት ብልትና ሁለት እንቁላል ሲሰጥ ልክ ለ30 ሰው ይደርሳል። ባልና ሚስት ሆነው የሚኖሩ አረጋውያን አራት ብልት ይደርሳቸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት እንጀራ ቢታሰብ 90 እንጀራ ያስፈልጋል፤ ከሰፈሩ እንጀራ ጋጋሪ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይታዘዝ፣ ምክንያቱም በበዓል ሰሞን የዘገየ ደንበኛ ስስና ያልበሰለ እንጀራ ነው የሚደርሰው።

የበርበሬው ሻጭ ሲደለዝ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከገባበት የጨውን መጠን በግማሽ መጀመር ይሻላል። ከተመጋቢዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ደም ግፊት ያለባቸው መኖራቸው አይቀርምና አምስተኛውን ድስት ጨውም በርበሬም ቀነስ አድርጎ፣ ክዳኑ ላይ ምልክት አስሮ ለእነርሱ መለየት ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ወጪው በተማሪዎቹ ቁጥር ይካፈል። 20 ተማሪ ለ30 ማዕድ ሲያዋጣ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ተኩል ድርሻ ይከፍላል ማለት ነው፤ ክፍያው ይህን፣ የአስተማሪዎቹን የድካም ዋጋና የጋዙን ወጪ የሚሸፍን ሆኖ በግልጽ ወረቀት ላይ ይለጠፍ። መክፈል የማይችል ተማሪ በጉልበት ያዋጣ፦ አንዱ ሽንኩርት ይልጣል፣ ሌላው እንጀራ ከጋጋሪዋ ያመላልሳል። ይህን ሲያደርግ ግን ስሙ ከከፋዮች እኩል በዝርዝሩ ላይ መስፈር አለበት።

የመጀመሪያው ቀን፦ ቁሌቱ

ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው በአምስት ድስት ዙሪያ ይመደቡ። በአንድ ቡድን ውስጥ ወንድም ሴትም፣ የተለያየ ፎቅ ሰውም ቢቀላቀል መልካም ነው፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ድስት ከተሰበሰበ የሚያወራው እርስ በርሱ ብቻ ነው።

ሽንኩርት መክተፍ የዕለቱ ረጅሙ ሥራ ሲሆን ሰው ከሰው የሚተዋወቀውም በዚያ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በማሽን ለመፍጨት አትቸኩሉ። የተፈጨ ሽንኩርት ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ወጡም ቀለሙ ይገረጣል። በእጅ ደቅቆ የተከተፈው ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ በደረቁ ድስት ይገባና በመካከለኛ እሳት ይማሰላል።

አስተማሪዋ ተማሪዎቹን ዝም አሰኝተው ድስቱን እንዲያዳምጡ ቢያደርጉ ጥሩ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ውሃውን ሲለቅ ድምፁ የሚንፈቀፈቅ ነው፤ ውሃው እየጠፋ ሲሄድ ይቀንስና ሲርገበገብ ይሰማል፣ በመጨረሻም ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ መቀመጫ ለአፍታ ገላጣ ሆኖ ይታያል፣ ሽንኩርቱም ቀስ እያለ ይመለስበታል። ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው። ይህ ለ2 ኪሎ ሽንኩርት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ችኮላ የሚያሳርረውም እዚሁ ላይ ነው። መያዝ ከጀመረ ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ እያደረጉ ማላቀቅ እንጂ እሳቱን ማብዛት አይገባም።

ዘይቱ ከገባ በኋላ በርበሬው ይጨመራል፤ እዚህም ላይ ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ እየጠጣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መቁላላት አለበት። ጥሬ በርበሬ አፍንጫ ይወጋል፤ ሲበስል ሽታው ይለዝባል፣ ዘይቱም ዳር ዳሩን ለይቶ ይወጣል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጠው ይከተላሉ።

ጨው በዚህ ቀን ሙሉ በሙሉ ይጨረስ። ቁሌቱ በእንጀራ ሲቀመስ ጨው ጎላ ያለ ሊሆን ይገባዋል፤ በጋድ ዕለት ዶሮው፣ ውሃውና ቅቤው ሲገቡ ያለዝቡታልና። ልኩን አስተማሪዋ ይፍረዱ፤ ረዳቱ ስንት ግራም እንደገባ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ተማሪም ይቅመስና ያንን ጣዕም ይያዝ።

ለዕለቱ እራት ከአምስቱ ድስት አንድ አንድ ጭልፋ ተወስዶ ቀደም ብሎ በተቀቀለ ምስር ላይ ይጨመር። ተማሪዎቹ የጾም ምስር ወጥ በልተው ይሄዳሉ፣ ያ ሁሉ ድካም ለዶሮ ብቻ እንዳልነበረም ያያሉ። ለዚህ የሚሆን እንጀራ ከዘጠናው ሳይነካ ለብቻ ይታዘዝ።

የቀረው ቁሌት በድስቱ እንዳለ አይደር። በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ ይቀዝቅዝና በሁለት ሰዓት ውስጥ በክዳን ዕቃ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ በሳምንቱ እንዲነሣ በረዶ ቤት ይቀመጥ። ሙሉ የሆነ በረዶ ቤት ካልተከፈተ መብራት ቢጠፋም 48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ አምስቱን ቁሌት በአምስት ቤት ከመበተን በአንድ የሞላ በረዶ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም «ልየው እስቲ» እያሉ መክፈት አያስፈልግም።

ዶሮው

ዶሮው በጋድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታርዶ፣ ተገነጣጥሎና ታጥቦ ማደር አለበት። እርዱን በሃይማኖቱ ሥርዓት የሚፈጽም ሰው ይባርከው። ብልት መለየቱን ለመማር የሚፈልጉ አራት አምስት ተማሪዎች ቢገኙ በቂ ነው፤ ከፈረሰኛው እስከ መላላጫው 12 ብልት ሳይሰበር ማውጣት በቪዲዮ ሳይሆን በእጅ የሚለመድ ነው፣ እማማም እዚህ ላይ የሚያሳዩት ትዕግሥት ከወጡ ይልቅ ይታወሳል። ቆዳው ይገፈፋል፤ ከዚያም ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ይታጠባል።

የሚታጠብበት ሳፋ፣ ቢላዋና መክተፊያ ለብቻ ይሁን፤ እንጀራና የተቀቀለ እንቁላል ወዳለበት ጠረጴዛም አይቅረብ። የዶሮ እጥበት ውሃ የሚፈናጠቀው ከሚታሰበው በላይ ርቆ ስለሆነ ከተቻለ ሌላ ክፍል ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። የታጠበው ዶሮ ተሸፍኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር፤ ቁሌቱም ከበረዶ ቤት ወጥቶ ከጎኑ ይቀመጥና በዝግታ ይሟሟ።

የጋድ ጠዋት

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቁሌቱ ወደየድስቱ ተመልሶ ይሞቃል፤ ሲንተከተክ ቅቤው ይገባል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዶሮው ይከተላል። የፈረንጅ ዶሮ በ40 ደቂቃ አካባቢ ይበስላል፣ ከቆየም ይበታተናል፤ የሐበሻ ዶሮ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ድስት መቀላቀል አንዱን ጥሬ ሌላውን ፍርስራሽ ያደርጋል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የታፋው ውስጥ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱን ይለካ፤ የሌለው ደግሞ ሥጋው ከአጥንቱ መልቀቅ መጀመሩንና በአጥንቱ ዙሪያ ደም የመሰለ ነገር አለመኖሩን ይመልከት።

በዚህ ቀን ማንም አይቀምስም፤ አያስፈልግምም። ጨው በሳምንቱ ተፈርዷል፤ የቀረውን ማሽተት ይበቃዋል። የማይጾሙ ሕፃናት በአካባቢው ካሉ ግን እንጀራ ነክሮ ማቅመስ በየቤቱ የነበረ ነው፤ ፍርዳቸውም ጨካኝ ስለሆነ ይታመናል።

እንቁላሉ ለ10 ደቂቃ ያህል ተቀቅሎ፣ ተልጦና በቢላዋ ጫፍ ስስ ብሎ ተሰንጥቆ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይጨመራል፤ ስንጥቁ ወጡ እንዲገባበት ነው። መከለሻው ተነስንሶ ድስቱ ይከደናል። እስከ 5 ሰዓት ሁሉም ካላለቀ ተማሪዎቹ ለየቤታቸው ሥራ ይቸገራሉና የቀረውን ሁለት ፈቃደኞች እንዲጨርሱት ማድረግ ይሻላል።

ደጃፍ ላይ

ወጡ ገና እንደፈላ ይታደል። ሙቅ ምግብ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን በእግር በአሥር ደቂቃ የሚደረስባቸውን ስድስት ሰዎች ብቻ ይያዝ። ተቀባዩ ጾመኛ ከሆነ ወጡን የሚበላው ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ወይም በማግሥቱ ነው፤ ማቀዝቀዣ ያላቸው ወዲያው እንዲያስገቡና ከመብላታቸው በፊት እስኪፈላ እንዲያሞቁት ይነገር። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ካለ የእርሱ ድርሻ በጎረቤት ማቀዝቀዣ ይቀመጥና በበዓሉ ጠዋት ሞቆ ይድረሰው።

የሚጣል ፕላስቲክ ባይሆን ይመረጣል። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የብረት ምሳ ዕቃ ለወጡ፣ አገልግል ለእንጀራው ይሁን። ዕቃ የሚመለስ ስለሆነ ተማሪውና አረጋዊቷ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግመው ይተያያሉ፤ ባዶ ዕቃ መመለስ የሚያሳፍራቸው እናት ደግሞ ቆሎም ቢሆን ጣል አድርገውበት ይልኩታል። ያንን ቆሎ «አይ፣ ይተዉት» ብሎ መመለስ ትልቅ ነውር ነው።

አድራሾቹ በር ላይ አስቀምጠው አይመለሱ፤ ግቡ ከተባሉ ይግቡ፣ ቡና ከተፈላ ይጠጡ። ካሜራ ከኪስ አይውጣ። ለማስታወሻ ፎቶ ከተፈለገ የድስቱ፣ የማማሰያውና የአስተማሪዎቹ ፎቶ በፈቃዳቸው ይበቃል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ተቀባዮች እነማን እንደሆኑም ከአድራሹና ከእድሩ ጸሐፊ ውጭ ማወቅ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ከሰፈር ውጭ ለአንድ ማዕከል መስጠት የሚፈልጉ አሉ። እንደ መቄዶንያ ያለ እጅግ ብዙ አረጋውያንንና ሕሙማንን የያዘ ማዕከል ግን አምስት ድስት ወጥ አይበቃውም፣ በየቤቱ የተሠራ ምግብ መቀበሉንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ጤፍ፣ ዘይት ወይም የአንድ ቀን የምግብ ወጪ መስጠት የበለጠ ይጠቅማል።

የእምነት ልዩነት ባለበት ሰፈር

ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል፤ በዝርዝሩ ላይ ስም ሲመዘገብ ግን ይህ ሲዘነጋ ይታያል። ለሙስሊም ጎረቤት በገና የሚሄደው ድፎ ዳቦ፣ በመጀመሪያው ቀን የተለየ የምስር ወጥ ወይም ጥሬ ዕቃ ይሁን፤ ቁሌቱ ሥጋ ያልነካው ማማሰያና ድስት እንደነበረውም ይነገራቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዒድ አል ፈጥር ሰሞን አስተማሪዋ ሙስሊም እናት የሆኑበት ሌላ ዙር ማዘጋጀት ነው። በረመዳን ከሆነ ቅምሻው ከመግሪብ በኋላ እንዲሆን ሰዓቱ ይሸጋሸግ። ከዒድ ሶላት በፊት የሚሰጠው ዘካተል ፊጥር የየአማኙ የራሱ ግዴታ ስለሆነ ከዝግጅቱ መዋጮ ጋር አይደባለቅ።

ከአገር ውጭ

ይኸው ዘዴ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ከተሞች ይሠራል፤ ልዩነቱ ገና፣ በጃንዋሪ 7፣ የሥራ ቀን ላይ ሊውል መቻሉ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ወደ ቀደመው ቅዳሜ ይሳብና ወጡ በረዶ ቤት ይቆይ፤ እንቁላሉ ግን በረዶ ውስጥ ላስቲክ ስለሚሆን በዕለቱ ተቀቅሎ ይጨመር። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኩሽና ከመኖሪያ ቤት ይመረጣል፤ ብዙ የመጠለያ ድርጅቶች በግል ቤት የተሠራ ምግብ አይቀበሉምና። እዚያ ተወልደው አማርኛ በቅጡ የማይናገሩ ልጆች ካሉ ከእማማ ጎን ይቀመጡ፤ «አማስይ»፣ «ቀንሺ»፣ «ጠብ አድርጊበት» የሚሉትን ትእዛዞች ከድስቱ ጋር ይለምዷቸዋል።

ከበዓሉ በኋላና ለፋሲካ

በሳምንቱ ረዳቶቹ የመዘገቡት ምጣኔ በንጹሕ ተጽፎ፣ የአስተማሪዋ ስም ከላይ ሰፍሮበት መጀመሪያ ለእርሳቸው ይነበብላቸው። ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ቅቤ አላደረግሁም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ሚዛኑ የሚለው ቢኖርም እርሳቸው እንዳሉት ይታረምና የሚዛኑ ቁጥር በኅዳጉ ይቀመጥ። የእድሩ ድስቶች መቀመጫቸው ታሽቶ፣ በቁጥር ተረክቦ ይመለስ፤ በቁሌት የጠቆረ ድስት የመለሰ ሰው ለፋሲካ ሲጠይቅ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይዘጋበታል።

ፋሲካ ላይ ቀን አመራረጡ ይለያል። 55 ቀን የሚጾመው የሁዳዴ ጾም መጨረሻ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚያ ሳምንት ምእመናን በስግደት ስለሚውሉ ቁሌት ለማቁላላት ሰው መጥራት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ያብቃ፤ ከሆሳዕና ወዲህ እስከ ቀዳም ሥዑር ድረስ የሚቀረው ዶሮውን ማዘዝና እንጀራ ጋጋሪዋን ማስታወስ ብቻ ይሁን። የቀዳም ሥዑር ጠዋት ሥራ ከጋዱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀመር፤ ያን ቀን ብዙ ሰው ከዓርብ ስቅለት ጀምሮ ያከፈለ፣ ማለትም እህል ውሃ ያልቀመሰ፣ ስለሚሆን ለረጅም ጊዜ እሳት ዳር መቆም አይችልም።